ኑርሀያት በሯ ላይ የጻፈችው ቃል

አዋሽ ሰባት ላይ ፀሐይን መርገም የሰላምታ አካል ነው። ሰው «እንዴት ዋልክ» ተባብሎ ሲያበቃ «ኧረ ይሄ ፀሐይ ሊጨርሰን ነው» ሳይል አይለያይም። ኑርሀያትም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ሰው ስትረግም ኖራለች። ከዓምና ሚያዝያ ወዲህ ግን ፀሐይ ሲረገም ከሰማች ትቆጣለች፤ የምትቆጣውም ዘመዷ እንደታማባት ሆና ነው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከአልጋዎቿ መጀመር ይሻላል።

ኑርሀያት የአልጋ ቤት ባለቤት ናት። ቤቷ የጅቡቲ መስመር ተሳቢዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ነው፤ አሥራ አራት ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ሰማያዊ በር። ከባለቤቷ ከሀሰን ጋር ከወረባቦ ወርደው ሲጀምሩት ሦስት ክፍል ብቻ ነበር። ሀሰን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ የቀሩትን ክፍሎች ግድግዳ ከግድግዳ እየቀጠለች ያቆመቻቸው እሷ ናት። አንሶላዋ በየቀኑ ይታጠባል። ከሞጆ እስከ ጋላፊ ድረስ «ኑር ጋ አደርኩ» ያለ ሾፌር «እንቅልፍ ጠገብኩ» ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ የለም። አንድ ጊዜ አንድ ባለሀብት መጥቶ ቤቱን እንድትሸጥለት ቢጠይቃት «ግድግዳውን እሸጥልሃለሁ፤ እንቅልፉን ግን ከየት ታመጣዋለህ?» ብላ መልሳዋለች። ኩሩ ሴት ናት፤ ኩራትም ያምርባታል።

ከሁሉ የምትኮራው ግን አንደኛ ክፍል ውስጥ በነበረው የጠፍር አልጋ ነበር። ሌሎቹ አልጋዎች የብረት ናቸው። ይህኛው የወይራ እንጨት ሆኖ በበሬ ቆዳ ጠፍር የተጠላለፈ፣ አባቷ ለሠርጓ ያሠሩላት፣ በጭነት መኪና አናት ላይ ተጭኖ ከወሎ የወረደ ነው። መሪ ይዞ ሲዞር የዋለ ወገብ እዚያ ላይ ሲያርፍ እንደ አዲስ ይሆናል ይባል ነበር። ቻላቸው የሚባል የጎጃም ሰው፣ በዚያ መስመር ላይ አሥራ ስምንት ዓመት የነዳ ሾፌር፣ ያ አልጋ ከተያዘበት ወደ ሌላ ክፍል ከመግባት ደጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር።

የሚያዝያው ነገር የጀመረውም በቻላቸው ሸሚዝ ነው። ጊዜው ማዳበሪያ ከጅቡቲ በብዛት የሚጫንበት፣ መንገዱ በተሳቢ የሚጨናነቅበት፣ አሥራ አራቱም ክፍል በየቀኑ የሚሞላበት ነበር። ጠዋት ሾፌሮቹ ሁሉ ሞተራቸውን አሙቀው እስኪወጡ ቻላቸው ጠበቀ። ከዚያ ኑርሀያትን ጠጋ ብሎ ነጭ ሸሚዙን ዘረጋላት። ከአንገትጌው ሥር ሦስት የደም ነጠብጣብ ነበረበት።

«እትዬ ኑር፣ እኔ ምንም አላየሁም። ሸሚዜ ግን አይቷል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኑርሀያት ሸሚዙን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ፊቷ ጋለ። ከአፏ የወጣው ግን ለራሷም ያላማራት ነገር ነው።

«ከጋቢናህ ይሆናል ያመጣኸው።»

«ይሆናል» አለ ቻላቸው፣ ጨዋ ሰው ነውና። «ግን ጋቢናዬ ውስጥ ተኝቼ አላውቅም። የምተኛው አንቺ ጋ ነው።»

እሱ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሰመራ ሲያቀና እሷ የእጅ ባትሪና ወስፌ ይዛ አንደኛ ክፍል ገባች። ጠፍሩ እርስ በርሱ የሚተላለፍበትን አንዱን ቋጠሮ በወስፌው ፈልቀቅ ስታደርገው ትኋን ተርመሰመሰ። ሁለተኛውንም ፈለቀቀችው፤ ያው ነው። ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ባትሪዋን ስታበራ ጥቋቁር ነጠብጣብ አየች። ሁለተኛ ክፍል ሄደች፣ ሦስተኛ ሄደች። ከአሥራ አራቱ ክፍል ዘጠኙ ውስጥ አገኘችው። የዘጠነኛውን በር ዘግታ ደፉ ላይ ተቀመጠች። አፈረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንሶላ ስታሳጥብ ከአንሶላው ሥር ማን እንደተኛ አለማወቋ አንገበገባት።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ጎረቤቱ ምክንያቱን አግኝቶላት ነበር። ከአጥሯ ቀጥሎ ምግብ ቤትና አምስት አልጋ ያላት ሠርካዲስ የምትባል የአንኮበር ሴት አለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ልጇን ስትድር ከደጋ ለመጣ እንግዳ መተኛ ጠፋ፤ ኑርሀያትም ከክፍሎቿ አሥር የብረት አልጋ ከነፍራሹ አውጥታ አዋሰቻት። አዋሽ ላይ ወጉ ነው፤ የሠርግና የለቅሶ አልጋ ከአልጋ ቤት ይወጣል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። አሁን ባጃጅ ነጂውም፣ ልብስ አጣቢዋም፣ ሸቀጥ ሻጩም አንድ ቃል ሆኑ። «ከሠርጉ ነው የመጣው። የሠርካዲስ እንግዳ ነው ያመጣው።»

ኑርሀያት ይህን ስትሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት። አንድ ሰዓት ያህል ደስ ብሏት ቆየች። ቤቴ ንጹሕ ነበር፣ ሰው ነው ያቆሸሸው ማለት ለኩሩ ሰው እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ተመልሳ አንደኛ ክፍል ስትገባ ግን ያ ደስታ ጠፋ። ከጠፍሩ ቋጠሮ የወጣውን ቅርፊት ጨርቅ ላይ አራግፋ አየችው። አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ፣ አቧራ የለበሰ፣ የከረመ ቅርፊት ነበር። የሦስት ሳምንት ነገር አይደለም። የጠፍሩ አልጋ ደግሞ ወደ ሠርጉ አልሄደም፤ እሱን ለማንም አታውስም። ወደ ሠርጉ የሄዱት ከአጠገቡ ካሉት ክፍሎች የወጡት ናቸው። ትኋኑ ከሠርካዲስ ወደ እሷ አልመጣም። እሷ ናት ለሠርካዲስ አሸክማ የላከችው።

ወዲያው ነጠላዋን ደርባ የሠርካዲስን በር አንኳኳች። ሐሜቱ ቀድሟት ደርሶ ነበርና ሠርካዲስ በሩን ሳትከፍት ከውስጥ መለሰች።

«የልጄን ሠርግ የትኋን ሠርግ ካሰኘሽው በኋላ ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«እኔ አላልኩም፣ እቱ። ክፈችልኝና ላስረዳሽ።»

«ሲሉ ሰምተሽ ዝም ብለሻል። ያው ነው።»

እውነቷን ነበር። ኑርሀያት ከበሩ ዘወር ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሁለቱ ሴቶች አሥራ አንድ ዓመት ጨው ሲበዳደሩ፣ ውኃ ሲጠፋ ከአንድ በርሜል ሲቀዱ የኖሩ ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእነሱ ተረት አልነበረም።

በማግስቱ ቤት ለቤት እየዞረች ንጽሕና የምትቆጣጠር፣ ወንጌላዊት የምትባል የጤና ሠራተኛ መጣች። ወንጌላዊት ገና ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት፣ ሰው ማስቀየም የማትወድ ልጅ ናት። የምትሞላው ቅጽ ላይ ሦስት ሣጥን አለ። አንደኛው «አልፎ አልፎ ታይቷል»፣ ሁለተኛው «ተስፋፍቷል»፣ ሦስተኛው «ተወርሯል» ይላል። ኑርሀያት ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከፍታ አሳየቻት። ልጅቷ ሁሉንም አይታ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አንደኛው ሣጥን ላይ አሳረፈች።

«ምን ልትጽፊ ነው?» አለች ኑርሀያት።

«‹አልፎ አልፎ ታይቷል› ልበልሽ፣ እትዬ ኑር። አንቺ ቀስ እያልሽ ታጸጂዋለሽ። ሦስተኛው ላይ ምልክት ካደረግሁ ቤቱ ይዘጋል፤ ተመልሼ መጥቼ ንጹሕ ነው እስክል አይከፈትም። የአንቺን ቤት ስም ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል።»

ይሉኝታ ነው። ልጅቷ በክፋት አይደለም፤ ኑርሀያትም ያንን አውቃለች። አንድ ቃል ብትውጥ ቤቱ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ የማዳበሪያው ሰሞን አያመልጣትም፣ ስሟም እንደተጠበቀ ይኖራል። ጥፋቱ ደግሞ ባለቤት አግኝቷል፤ የሠርካዲስ ሠርግ ተሸክሞታል። እሷ የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነው። ኑርሀያት ግን ‹ተወርሯል› የሚለውን ቃል ክብደት አባቷ ያስተማሯት ሴት ናት።

«ተቀመጪ ልጄ» አለቻት፣ ወንበር እየሳበች። «በእኛ አገር አንዱ ሲታይ ‹ገባ› ይባላል። ሲራባ ‹ፈላ› ይባላል። ‹ወረረ› የሚባለው ቤቱ የማን እንደሆነ ሲያጠራጥር ነው። እኔ ባለቤቷ አንዱን ክፍል ለመክፈት ፈራሁ። ታዲያ ይሄ ‹ታየ› ይባላል?»

ከዚያ ኑርሀያት የአባቷን ነገር አወራቻት።

አባቷ ወረባቦ ቆላው ላይ ማሽላ አራሽ ነበሩ። በዚያ አገር አንበጣ ሲወርድ መጀመሪያ ያየ ሰው «ወረረን» ብሎ ይጮሃል። ይህ ጩኸት ሲሰማ የሚያርሰው በሬውን ይፈታል፣ የምታቦካው እጇን ሳትታጠብ ትወጣለች፤ ሁሉም ቆርቆሮና ጣሳ እየደበደበ ወደ ጯሂው ማሳ ይሮጣል። ስለዚህ ሁለት ሦስት አንበጣ አይቶ የሚጮህ የለም፤ በከንቱ ለጮኸ ሰው ዳግመኛ ማንም አይወጣለትም። ዝም ያለ ግን ይብሳል። አንበጣው የእሱን ማሽላ ሲጨርስ የሚሻገረው ወደ ጎረቤት ነውና፣ ዝም ብሎ የተገኘ ሰው በለቅሶም በሠርግም አይጠራም። አንድ ዓመት መንጋው መጀመሪያ ያረፈው በአባቷ ማሳ ላይ ነበር። እሸቱ ደርሷል። ዝም ብለው በጭስ ወደ ጎረቤት ማሳ ቢነዱት የራሳቸው ይተርፍ ነበር። እሳቸው ግን ድንጋይ ላይ ወጥተው ጮኹ። የእሳቸው ማሽላ ግማሹ አለቀ፣ የአገሩ ተረፈ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ሲመጡ ሽማግሌው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳላቸው ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች ኑርሀያት ስትጨርስ። «ሦስተኛው ላይ አድርጊው።»

ወንጌላዊት ምልክቱን ሦስተኛው ሣጥን ላይ አደረገች። እጇ ግን ቀስ እያለ ነበር። ከዚያ እንቁላሉ እስኪፈለፈል ጠብቆ ደግሞ መግደል ስለሚያስፈልግ ቤቱ አሥር ቀን መዘጋት እንዳለበት፣ ከምንም በላይ ሙቀት እንደሚገድለው አስረድታት ሄደች።

ሙቀት። ኑርሀያት ወደ ጣራዋ ቀና ብላ አየች። ቆርቆሮው ላይ እንቁላል ቢሰበር የሚጠበስበት ሰዓት ነበር።

በሩ ላይ «አልጋ አለ» የሚል የጣውላ ሰሌዳ ተንጠልጥሎ ኖሯል። አወረደችው፣ ገለበጠችው፣ ብሩሽ ኖራ ውስጥ ነክራ በጀርባው ጻፈችበት። ፊደል የቆጠረችው በጎልማሶች ትምህርት ስለሆነ ፊደሎቿ ትልልቅና የማይፈሩ ናቸው።

«ይህ ቤት በትኋን ተወርሯል። ከእኔ ቤት የተነሳ ነው፤ ከሠርግ ቤት አልመጣም። አሥር ቀን ዝግ ነው። ባለቤቷ ኑርሀያት።»

መንደሩ ጉድ አለ። የአልጋ ቤት ባለቤት ትኋን አለብኝ ብሎ በሩ ላይ ሲጽፍ ማንም አይቶ አያውቅም። ሾፌሮቹ በስልካቸው ፎቶ አነሱት። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ወሬ ሳይነጋገር አይተላለፍም፤ ዳጉ ይሉታል። ሾፌሮቹም ከእነሱ ጋር ኖረው ተምረውታልና ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ሰመራ ገባ። ሰመራ ላይ ሱቅ ያለው ታናሽ ወንድሟ አብራር በማግስቱ ከቀትር በፊት ደወለ።

«እህቴ ምን ነካሽ? እዚህ ሻይ ቤቱ ሁሉ ፎቶሽን እያየ ነው። ገመናሽን እንዲህ አደባባይ ታወጪዋለሽ?»

«ገመና የሚባለው ሌላ ሰው የማይነክስ ከሆነ ነው» አለችው። «ይሄኛው ይነክሳል።»

ስልኩን ስትዘጋ ግን ፍርሃት ገባት። አብራር ሞኝ አይደለም። በዚያ መስመር ላይ ስም የሚሠራው በዓመታት ነው፤ የሚፈርሰው በአንድ የስልክ ፎቶ ነው። አሥሩ ቀን አልቆ በሩ ሲከፈት አንድም ተሳቢ ባይቆምስ? ይህ ሐሳብ ከእሷ ጋር ዋለ፣ ከእሷ ጋር ሠራ።

ሥራው ደግሞ ቀላል አልነበረም። ከሁለቱ ሴት ሠራተኞቿ ጋር ሆና አሥራ ሦስቱን የብረት አልጋ ወደ ሜዳው አወጡ። አንሶላውንና ብርድ ልብሱን በጥቁር ላስቲክ ቋጥረው ቆርቆሮው ላይ ደረደሩት። የብረቱ መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውኃ እየደፉ፣ ግድግዳውን እየፋቁ፣ ስንጥቁን በኖራና በሲሚንቶ እየደፈኑ ዋሉ። ቀትር ላይ የአልጋው ብረት እጅ አያስነካም ነበር፤ ላስቲኩን ሲፈቱት ትንፋሽ የሚያሳጥር ወበቅ ይወጣል፣ ትኋኑ ደርቆ እንደ ጤፍ ይረግፋል። ኑርሀያት ላቧን በክንዷ እየጠረገች ያን ፀሐይ ቀና ብላ ስታየው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደደችው።

የጠፍሩን አልጋ መጨረሻ ላይ አወጣችው። ወይራው ይተርፋል፤ ጠፍሩ ግን ቋጠሮው ሁሉ ጎጆ ሆኗል። በቢላ አንድ በአንድ ስትቆርጠው የአባቷን እጅ የቆረጠች ያህል አመማት። አለቀሰችም። ከዚያ ክምሩ ላይ ጋዝ አርከፍክፋ ክብሪት ጫረችበት።

በመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣም። ሰው አልፎ ሲሄድ አፍንጫውን ሸፈን እያደረገ፣ ልብሱን እየሰበሰበ ነበር። የአባቷ አገር ቢሆን ይህን ጊዜ ሜዳው በሰው ይሞላ እንደነበር አሰበች። ጮኻ የሚወጣላት አጣች። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከአጥሩ ማዶ ብረት ሲጎተት ተሰማ። ሠርካዲስ ናት። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ የራሷን አልጋ በግምባሯ ላብ እየጎተተች ወደ ሜዳው አውጥታ ከኑርሀያት አልጋዎች አጠገብ አቆመችው። ብብቷ ሥር ሰሌዳ ይዛ ነበር፤ የምግብ ዝርዝር የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ተጠርጎ ባዶ ሆኗል።

«ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለች ሠርካዲስ፣ ኑርሀያትን ሳታያት። «አምስቱም ክፍሌ ውስጥ አለ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ። ሐሜቱ ሲመጣ አንቺን ጠላሁ። በርሽ ላይ የጻፍሽውን ሳነብ ደግሞ ራሴን ጠላሁ።»

«ከእኔ አልጋ ነው የገባብሽ፣ እቱ። አፉ በይኝ።»

«አንብቤዋለሁ አልኩሽ እኮ» አለች ሠርካዲስ። ሰሌዳውን ዘረጋችላት። «የእኔንም ጻፊልኝ። ያንቺ ጽሑፍ ይታያል።»

ኑርሀያት ጻፈችላት። ሁለቱ ሰሌዳዎች በሁለቱ በሮች ላይ ጎን ለጎን ተሰቀሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሌላ ሆነ። በአራተኛው ቀን ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ሱቅ ሁለት ፍራሽ ተሸክሞ ወጣ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ። በስድስተኛው ቀን ሜዳው ላይ የተዘረጋው አልጋ ከሠላሳ በላይ ሆኖ ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እያለ የሚሳለቀው የባጃጅ ነጂም ቤቱ ሄዶ የራሱን ይዞ መጣ። ማን ለማን እንዳስተላለፈ የጠየቀ የለም። ኑርሀያት በዚያ ሜዳ መሐል ስትቆም አባቷ እዚያ ድንጋይ ላይ ቆመው ምን እንደተሰማቸው ገባት። ደረቷ በኩራት ሞላ።

በአሥረኛው ቀን ወንጌላዊት ተመልሳ መጣች። የሁለቱንም ሴቶች ቤት ዞራ እያንዳንዱን ስንጥቅ በባትሪ አየች፣ ፍራሹን ገለበጠች፣ አንድም አላገኘችም። ይህን ጊዜ ሳታመነታ ፈረመች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ኑርሀያት ሰሌዳውን ገልብጣ «አልጋ አለ» የሚለውን ወደ መንገዱ አዞረች። አሥራ አራቱንም ክፍል አነጠፈች። አንደኛው ክፍል ውስጥ ወይራው በአዲስ ጠፍር ተጠላልፎ ቆሟል፤ ጠፍሩን ከባቲ ያስመጣላት ሊቆጣት የደወለው ወንድሟ አብራር ነው። ከዚያ በሯ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ተሳቢዎች መጡ፣ አለፉ። የቀትሩ የዙሁር ሶላት ተሰገደ። ሌሎች ተሳቢዎች መጡ፣ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ሰሌዳውን አዩ፣ አለፉ። የተሲያቱ የአስር ሶላት ተሰገደ። ሠርካዲስ ሻይ ይዛላት መጥታ አጠገቧ ቆመች። ኑርሀያት ሻዩን ተቀብላ አልቀመሰችውም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አንድ ተሳቢ ፍሬኑን እያስተነፈሰ ሜዳው ላይ ቆመ። ቻላቸው ወረደ። ጺሙ አድጓል፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«አንደኛ ክፍል ተይዟል እንዴ?» አለ።

«ማንም የለም» አለች ኑርሀያት። «አሥራ አራቱም ባዶ ነው። ፈርተዋል መሰለኝ።»

«እነማን ናቸው የፈሩት? ከኋላዬ ሰባት መኪና አለ፤ አዋሽ ድልድይ ጋ ሰልፍ ይዟቸው ነው።» ቻላቸው ጫማውን መሬት ላይ መታ መታ አድርጎ አቧራውን አራገፈ። «መንገድ ላይ አንድ ቤት ገብቼ ‹ትኋን አለባችሁ?› ብዬ ብጠይቅ ‹ኧረ በጭራሽ› አሉኝ። ሌላ ቤት ብጠይቅ ‹ኧረ በጭራሽ›። ተመልሼ ጋቢና ውስጥ ተኮራምቼ አደርኩ። አለብኝ ብሎ የማያውቅ ቤት የለብኝም ሲለኝ ምን ብዬ ልመን? የአንቺ ቤት ሲኖር ‹አለ› ብሏል። ዛሬ ‹የለም› ካለ የለም።»

ኑርሀያት ከወንበሯ ተነሳችለት። ሠርካዲስ የቀዘቀዘውን ሻይ ከእጇ ተቀብላ «ግባ፣ ግባ፤ ትኩስ ይመጣልሃል» አለችው። ሰባቱም ተሳቢዎች ከነሾፌሮቻቸውና ከነረዳቶቻቸው ሳይመሽ ደረሱ። ከኑርሀያት ቤት የተረፈው እንግዳ ሠርካዲስ ጋ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት ኑርሀያት ግቢ ስትጠርግ ቻላቸው ከአንደኛ ክፍል ወጣ። የለበሰው ያንኑ ነጭ ሸሚዝ ነበር፤ አጥቦ፣ ለዚህ ቀን አስቀምጦት ኖሯል። ወደ ብርሃኑ ቆመና አንገትጌውን ገልብጦ አሳያት። እንደ ታጠበ ነጭ ነው።

«እትዬ ኑር» አለ፣ «ሸሚዜም ምንም አላየም።»

ኑርሀያት መጥረጊያዋን ጥላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ስትገልጠው እየሳቀች ነበር። ሰሌዳው በሩ ላይ «አልጋ አለ» እንዳለ ተሰቅሏል፤ በጀርባው የጻፈችውን ግን እስከ ዛሬ አላጠፋችውም። አንድ ቀን ደግሞ ቢያስፈልግ ገልብጣ ትሰቅለዋለች።

ቻላቸው ጋቢናው ላይ ሲወጣ ገና ጠዋት ቢሆንም ግምባሩ ላብ አውጥቷል። «ኧረ ይሄ ፀሐይ ሊጨርሰን ነው» አለ እንደ ልማዱ።

«ተወው» አለችው ኑርሀያት ቆጣ ብላ። «እሱ የእኔ ሠራተኛ ነው።»